ቦራን ማን ቀበረው?

ጥር 2፣ ጠዋት 3 ሰዓት

የባጃጅ ጀርባ እየቀባሁ ነው። ጉሙ አልተነሳም፤ ቀለሙ አልደርቅ ብሏል። ቀኝ እጄ ብሩሽ፣ ግራ እጄ ስልክ። የኮሚካችን ቁ. 3 ትናንት ወጣ። እንጅባራ አንድ ሱቅ፣ ዳንግላ አንድ ሱቅ፣ ከዚያ ቻናላችን ላይ። ሰው ምን አለ? በየአምስት ደቂቃው አያለሁ። ባለ ባጃጁ ሁለቴ ገላመጠኝ።

እስካሁን ጥሩ ነው። አንዱ ጭጋጓን ላግባት ይላል። አንዷ የመብረቅ ካባ የዝናብ ልብስ ይመስላል ትላለች። (ልክ ናት። የዝናብ ልብስ አይቼ ነው የሳልኩት።) ቀርቀሃው ሲለጠጥ እግሩ ለምን አይቀጥንም የሚል የጥሊሊ ልጅም አለ። እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። ሰው አይቶታል ማለት ነው።

ደብተሬ፣ አዲስ ነህና ልንገርህ። «የዘንገና ዘቦች» ኮሚክ ነው። አራት ልዕለ ጀግኖች። ጭጋጓ ጉም ትሆናለች። ቀርቀሃው ይለጠጣል። መብረቅን ስሙ ይናገራል። ዘለቀ ምንም ኃይል የለውም፣ ፈረስ ብቻ ነው ያለው። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። የዘንገና ሐይቅን ሊያደርቅ ከመጣ ክፉ ጋር ይዋጋሉ። እኔ እስላለሁ፣ ሰ. ትጽፋለች። ሰ. ማለት ሰናይት፤ ዳንግላ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ እናቷ ቤት የሚወራው አዊኛ ነው። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። እንጅባራ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ፤ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ። ታፔላ እጽፋለሁ፣ ባጃጅ እቀባለሁ።

አሁን አንድ አስተያየት ገባ። «ቦራን ማን ቀበረው?»

ሳቄ መጣ። በዚህኛው ክፍል ቦራ ገደል ገብቶ ይሞታል። ገደል የገባ ፈረስ ደግሞ ማን ይቀብረዋል?

ጥር 3፣ ምሳ ሰዓት

አስራ አራት ሰው። አስራ አራቱም «ቦራን ማን ቀበረው?» ነው የሚሉት። ለምን ሞተ ያለ የለም። እንዴት ሞተ ያለ የለም። ማን ቀበረው። ቃል በቃል።

ሰው አንድን ነገር አስራ አራት ዓይነት አድርጎ ነው የሚናገረው። አንድ ዓይነት አድርጎ ከተናገረ አንድ ሰው ነግሮታል። ነገር አለ።

ጥር 3፣ 11 ሰዓት

ሃያ ሦስት ደረሱ። ሥራዬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ሰ. በላከችልኝ ጽሑፍ ላይ ቀብር ነበር። ገጽ 17 እና 18። «ዘቦቹ ይቆማሉ። ውጊያው ይቆይ። ቦራን ይቀብራሉ። ማንም አይናገርም።» ይኸው ነው፤ ሁለት ሙሉ ገጽ። ዝም ያሉ ሰዎች፣ አካፋ፣ አፈር። ማን ያነበዋል ብዬ አወጣሁት። በምትኩ መብረቅ ሰማዩን ሲሰነጥቀው ሁለት ገጽ ሙሉ አድርጌ ሳልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። ለሰ. መንገር ረሳሁ።

አልረሳሁም። አልነገርኳትም።

እንግዲህ ቁጠር። ቀብር እንደነበረ የሚያውቅ ማነው? እኔ። ሰ.። ሌላ የለም። እኔ ለማንም አላወራሁም።

ጥር 5

ባለ ባጃጁ ተመልሶ መጣ። ቀለሙ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ዘለቀን በቦራ ላይ ሳልልኝ ብሎኝ ሥዬለታለሁ፤ አምሮለት ነበር የሄደው። ዛሬ አጥፋልኝ አለ። ምነው ስለው ዓይኔን አያይም። «ፈረሱን ጥሎ የሄደ ሰው ጀርባዬ ላይ አይቀመጥም።» ይኸው ነው መልሱ።

ማን ነገረህ? ማንም። አንብበኸው ነው? እህቴ አንብባልኝ። እህትህ የት ነው የምትማረው?

ዳንግላ።

አየህ? ዳንግላ! የሰ. ት/ቤት ውስጥ ናት ማለት ነው። የትኛው ት/ቤት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዘለቀን በነጭ ሸፈንኩት። በላዩ ምን ልሳል ስለው አንበሳ አለ። እንጅባራ ውስጥ አንበሳ ያልተሳለበት ባጃጅ የለም። እሺ አልኩ። ደሜ ፈልቷል።

ጥር 6፣ 10 ሰዓት

ደወልኩላት። ሃምሳ ደቂቃ ያህል አወራን። ያስጨነቀኝ አለመቆጣቷ ነው። ገጾቹን ለምን እንዳወጣኋቸው ጠየቀችኝ። ቦታ አልበቃ ብሎኝ አልኩ። ለምን አልነገርከኝም አላለችም። እሺ፣ አራተኛው ላይ እናስገባቸዋለን፣ አንተ ለሰዎቹ አትመልስላቸው፣ ዝም በል አለች። ከዚያ ሳታስበው አመለጣት፦ «እኔ አናግራቸዋለሁ።»

እኔ አናግራቸዋለሁ! እንግዲያው ታነጋግራቸዋለች። መንገዱን ታውቀዋለች። ዛሬ የምታናግራቸው እሷ ከሆነች፣ ትናንትስ ማን አናገራቸው?

በገዛ ጽሑፏ ሁለት ገጽ የተሰረዘበት ሰው አይቆጣም? እኔ ብሆን ቤቱን አፈርሰው ነበር። አልተቆጣችም ማለት ቁጣዋን ሌላ ቦታ አውጥታዋለች። ገብቶኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥዕሉን ከሌላ ሰው ጋር ልትሠራው ነው። መጀመሪያ አንባቢው ሰዓሊውን ይጥላው። ከዚያ እሷ ትምጣና ታስታርቅ። ብልህ ናት፤ ሁልጊዜም ነበረች።

ጥር 8፣ ጠዋት

አደረግኩት። ሰ.ን ከቻናሉ አስተዳዳሪነት አወጣኋት። አንድ ንክኪ ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ጻፍኩ። ለአንተም ልገልብጠው፦ «ውድ የዘቦቹ ወዳጆች፣ ሥራችንን ከውስጥ ሆኖ የሚያበላሽ ሰው እንዳለ ደርሰንበታል። እርምጃ ወስደናል። በቅንብር የሚጻፉ አስተያየቶችን አናስተናግድም።»

«ደርሰንበታል» አልኩ። ማን ነን እኛ? እኔና ብሩሼ።

ጥር 8፣ 9 ሰዓት

መቶ ምናምን ሰው አይቶታል፣ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ከዚያ የጥሊሊው ልጅ፣ የቀርቀሃውን እግር የጠየቀው፣ «ደራሲዋስ?» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ቻናሉን ለቆ ወጣ። ከኋላው ሌሎችም ተከታትለው ወጡ። ጭጋጓን ላግባት ያለውም ወጣ።

ሰ. ሁለቴ ደወለች። አላነሳሁም። ምን ልትል ነው?

ጥር 11

ጥምቀት። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በደጄ እያለፈ ነው። ሱቄን ግማሹን ከፍቼ ውስጥ ነኝ። የሚያልፍ ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል። አንዷ ሴትዮ ቆማ ታፔላዬን አንብባ ሄደች። ለምን አነበበችው? ስም ለመያዝ?

ዓምና በዚህ ቀን ሰ. ከዳንግላ መጥታ አብረን ነበርን። ፈረሶቹ ሲያልፉ አየህ እንዴት እንደሚቆም፣ አየህ አንገቱን እያለች እጄን ትመታኝ ነበር። እኔ ፈረስ የምስለው ከስልክ ፎቶ እያየሁ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ቦራ ቦራ የመሰለው።

ግን ሰውን የሚከዳው የሚወደው ሰው ነው። ሌላውማ ምን አገባው።

ጥር 13፣ 5 ሰዓት

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ካላማረህ ለዚያ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሦስት ፈረሰኞች ሱቄ ፊት ለፊት ወረዱ። ሽማግሎች ናቸው፣ ጋቢ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ። ዘለቀ ቢያረጅ እነሱን ነው የሚመስለው። ያ ሥዕል ሠሪ አንተ ነህ ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። አበቃልኝ፣ ሰ. ክስ ልካብኛለች፣ እነዚህ ዳኞች ናቸው ብዬ አሰብኩ። የቀርቀሃ ወንበር አቀረብኩ። ተቀመጡ። ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ትልቁ፣ አያ ካሴ ይባላሉ፣ ከባንጃ ገጠር ናቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

ማን ሞተብኝ ብዬ ክው አልኩ። እናቴ ቡሬ ናት። ስልኬን ሁሉ አየሁ።

«ፈረሱ» አሉ።

ለቅሶ ሊደርሱኝ ነው የመጡት! ለቦራ! እየቀለዱ ነው ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አንደኛው ፈገግ ያለ መሰለኝ። አያ ካሴ ግን ፈገግ አላሉም። አያ፣ ይህ እኮ ሥዕል ነው፣ እርስዎ ያዩት ፈረስ በእርሳስ የሳልኩት ነው አልኳቸው።

«ሥዕል መሆኑንማ እናውቃለን። እብድ መሰልንህ?» አሉ። ልጃቸው ናት ያነበበችላቸው። የቀረውን እንደተናገሩት ላስቀምጠው፤ እንዳይጠፋብኝ። «ሰውዬውን የኛ አገር ሰው አድርገህ ሣልኸው። ልብሱ የኛ፣ ዘንጉ የኛ። ፈረሱ ሲሞት ግን ዞር ብሎ አላየውም፤ ወደ ጠቡ ሄደ። ጓደኞቹም አብረውት ሄዱ። እኛ ዘንድ ፈረስ የሞተበት ሰው ይለቀስለታል። ተሰብስበን ፈረሱን እንቀብርለታለን፣ አዋጥተን ሌላ እንገዛለታለን። ሰውዬው ያን ካላደረገ የኛ አይደለም። የኛ ካልሆነ ልብሳችንን አውልቅለት።»

ያኔም ቢሆን ልቤ አላረፈም። አያ፣ መምህርት ሰናይትን ያውቋታል ወይ አልኩ። የማን ልጅ ናት አሉ። እሺ፣ ማን ነው ይህን ጠይቁ ብሎ የላካችሁ? ሦስቱ ተያዩ። አንደኛው በአዊኛ የሆነ ነገር አለ፤ ሌላኛው ሳቀ። አያ ካሴ አልሳቁም።

«ይህን ለመጠየቅ ሰው ይላካል እንዴ?» አሉኝ። «ፈረስ ሞተ ሲሉህ መጀመሪያ ምን ትጠይቃለህ?»

ምን እጠይቃለሁ? ስንት ያወጣል ነው የምጠይቀው። የቡሬ ልጅ ነኝ።

ሃያ ሦስት ሰው ሃያ ሦስት ጊዜ አንድ ነገር ያለው አንድ ሰው ስለነገረው አልነበረም። እናቱ ስለነገረችው ነው። የሁሉም እናት።

ጥር 13፣ 10 ሰዓት

ቆይ ግን። ሰዎቹ ንጹሕ ናቸው እንበል። ሰ.ስ? «እኔ አናግራቸዋለሁ» ማለቷስ? እሱ አልተፈታም። ለማን ተናገረች? ምን አለች?

ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት። ጻፍኩት ግን።

ጥር 14

እትዬ ብርቄ ሱቅ ሄድኩ። ኮሚካችንን እንጅባራ የሚሸጡልን እሳቸው ናቸው። የዳንግላ አንባቢዎች የራሳቸው ግሩፕ እንዳላቸውና እሳቸውም ውስጡ እንዳሉ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ሰ. እዚያ ምን እንደጻፈች ልየው ብዬ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉልኝ፤ ስልኩን ሰጡኝና ወደ መደርደሪያው ዞሩ።

ሰ. የጻፈችው ጥር 4 ነው። ከመደወሌ ሁለት ቀን በፊት። «ቀብሩ ነበረ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ገጽ አልበቃ ብሎኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዓሊውን አትውቀሱት፤ እንደታዘዘው ነው የሠራው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ቀኑን ቀይራው ይሆን ብዬ አሰብኩ። የተላከ መልእክት ላይ ግን ቀን አይቀየርም።

እትዬ ብርቄ ዞር ሳይሉ ልጅቱ ስለ እርስዎ ብላ ነው የተሰደበችው አሉኝ። ተሰድባለችም። ከሥሩ አለ፤ አርባ ምናምን ስድብ። የአገርሽን ልማድ ረሳሽ፣ ከተማ ገባሽና ፈረስ ጠላሽ። ለአንዱም አልመለሰችም። ባለ ባጃጁን ያናደደው ግን እኔ ነበርኩ። እሷ ምንም ሳታውቅ፣ ተማሪዎቿን ልካብኛለች ብዬ ጠርጥሬያት ነበር።

እትዬ ብርቄ «እርስዎ» ይሉኝ ነበር ለወትሮው በቀልድ። ዛሬ ቀልድ አልነበረም።

ጥር 16፣ ዳንግላ፣ ሻይ ቤት፣ 6 ሰዓት

ሚኒባስ ውስጥ የምለውን ሳጠና መጣሁ። ስደርስ ሁሉም ከአእምሮዬ ጠፋ።

የምሳ እረፍት ላይ ወጣች። ጠመኔ እጇ ላይ ነበር። ሻይ አዘዘች፣ አልጠጣችውም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ገጾቹን፣ ባጃጁን፣ ሽማግሎቹን፣ ቀኑን ቀይራው ይሆን ያልኩትን ሳይቀር። ስለ ለቅሶው ስነግራት ሳቀች፤ እውነተኛ ሳቅ። ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ ሳቋ አለቀ።

ገጾቹ አላናደዷትም። ስልክ አለማንሳቴም አይደለም። «ከውስጥ ሆኖ የሚያበላሽ» የሚለው ነው። ተማሪዎቿ አንብበውታል። ሰሌዳ ላይ ጽፈው ጠብቀዋታል፦ «ከውስጥ»። ር/መምህሩ ምን አጠፋሽ ብለው ቢሮ ጠርተው ጠይቀዋታል። እናቷ ሰምታ ምን ሰረቅሽ ብላታለች።

ይቅርታ አልኩ። እሺ፣ ይቅር ብየሃለሁ አለች፤ ዓይኗም አልዋሸም። ታዲያ አራተኛውን መቼ እንጀምር አልኩ። ሞኝ!

የመለሰችልኝን እንዳለ ላስቀምጥ። «ከእንግዲህ ላንተ ስጽፍ፣ ይሄን ሲያነብ ምን ይጠረጥር ይሆን እያልኩ ነው የምጽፈው። እንደዚያ ሆኖ አይጻፍም፣ ጌጡ።»

ደወል ተደወለ። ተነስታ ሄደች። ሻይዋ እንዳለ ነው። አሁን ፊት ለፊቴ እያየሁት ነው የምጽፈው። ማልቀስ አምሮኛል፤ ሻይ ቤቱ ሙሉ ነው።

ጥር 17

ገጽ 17ን እየሳልኩ ነው። ማንም አላዘዘኝም። አካፋ መሳል እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። መብረቅን በአንድ ቀን ጨርሼዋለሁ፤ ቆመው ዝም ያሉ አራት ሰዎች ግን አልወጡልኝም። እጃቸውን የት ላድርግ?

ጥር 18፣ የገበያ ቀን

አያ ካሴ ለገበያ መጥተው ጎራ አሉ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ኮርቻ ተጭኖበት ይቀበራል እንዴ፣ አውርዱለት እንጂ አሉኝ። አወረድኩለት። ኮርቻውን ዘለቀ እንዲሸከመው አደረግኩ፤ እጆቹ ሥራ አገኙ። ገጹም ያኔ ገጽ ሆነ።

ልብሱን አላስወልቀውም ወይ አልኳቸው። እሱስ ይቆይለት አሉና ፈረሳቸውን ፈትተው ሄዱ። ምን ማለታቸው ነው? ተደስተው ነው ወይስ…

ምንም ማለታቸው አይደለም። ይቆይለት ማለታቸው ነው።

ጥር 19፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሁለቱን ገጾች ቻናሉ ላይ አወጣኋቸው። ከሥሩ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ «እኛ» የለም። «ገጽ 17 እና 18ን ከቁ. 3 ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደራሲዋ ሰናይት ጽፋቸው ነበር፤ ሳልነግራት ሰረዝኳቸው። ጥፋቱን በእኔ ምትክ ወሰደች። ከውስጥ የሚያበላሽ ሰው አለ ያልኩት ውሸት ነው። ካለም እኔ ነኝ። ጌጡ፣ ሰዓሊው።»

አስተያየት እየገባ ነው። አላየሁም። ስልኩን ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ።

ጥር 19፣ 8 ሰዓት

ወሰንኩ። ቻናሉን ለሰ. አስተላልፋለሁ። አስተዳዳሪ ላደርጋት አይደለም፤ ባለቤትነቱን። የአራቱንም ሥዕል ናሙና አብሬ እልካለሁ፤ ጭጋጓን ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ቀርቀሃው ሲለጠጥ እግሩ ይቀጥናል፤ አስተካክዬዋለሁ። ሌላ ሰዓሊ ቢይዘው እንዳይቸገር። ከፈለገች ብቻዋን ትቀጥል፣ ከፈለገች ትዝጋው። ሥዕል ከፈለገች እስላለሁ፤ እንደጻፈችው፣ አንድ መስመር ሳልነካ።

አንዴ ካለፈ መመለሻ የለውም። ልታስወጣኝ ትችላለች፤ አንድ ንክኪ ነው። ያስወጣኋት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ጥር 19፣ 8 ሰዓት ከሩብ

ነካሁት። አለፈ።

ጥር 19፣ 10 ሰዓት

አይታዋለች። ማየቷ ስልኩ ላይ ይታያል። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ምንም አልመለሰችም። አላስወጣችኝምም። ክፍል ውስጥ ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ደግሞ ከእናቷ ጋር ሆና፣ ወይም ሆን ብላ እንድጨነቅ

አልጽፍም። ለምን እንዳልመለሰች አላውቅም፤ አላውቅም ብዬ ልቀመጥ። ይህን ገጽ ግማሹን ባዶ ትቼዋለሁ።